ዐዋዲና ዐውድ፦ የጎዳና ስብከት ቃላት ከየት መጡ?

አዋጅ ሲባል ዛሬ በጋዜጣ ታትሞ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት የተሰጠው ሕግ ነው የሚታየን። ቃሉ ግን ወረቀት ከመሆኑ በፊት ሰው ነበር። በግእዝ «ዖደ» ማለት ዞረ ማለት ነው። እየዞረ የሚናገር ሰው «ዐዋዲ» ይባላል። ግእዙ «ወላዲ» በአማርኛ «ወላጅ» እንደሆነ ሁሉ «ዐዋዲ»ም «አዋጅ» ሆነ። ከዚያ ሰውየው ተረሳና ስሙ ለመልእክቱ ቀረ፤ «አዋጅ ነጋሪ» የሚል ሌላ ስም ያስፈለገውም ለዚህ ነው። የነጋሪው ከበሮ «ነጋሪት» ከ«ነገረ» የወጣ ሲሆን፣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ለጀመረው የመንግሥት ጋዜጣ ስሙን አውርሷል።

ከዚሁ ሥር «ዐውድ» ይወለዳል። ዐውድ ዙሪያ ነው፣ ክብ ቦታ ነው። በሬዎች እየዞሩ የሚያበራዩበት አውድማ፣ ዓመቱ ዞሮ የሚገጥምበት ዐውደ ዓመት (በአፋችን «አውዳመት»)፣ በኋላ ዘመን የተፈጠሩት ዐውደ ርእይና ዐውደ ጥናት ሁሉም የእሱ ልጆች ናቸው። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ግን ዐውደ ምሕረት ነው፤ ምእመናን ተሰብስበው ስብከት የሚሰሙበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ። እንግዲህ ተናጋሪውም ቦታውም ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው፤ አንዱ የሚዞር፣ ሌላው የሚዞሩበት።

«ሰበከ» ደግሞ ወደ ወንጌል ትርጉም ይወስደናል። በግሪኩ አዲስ ኪዳን ለስብከት የተለመደው ግሥ «ኬሩሴይን» ነው፤ ትርጉሙም የ«ኬሩክስ»ን ሥራ መሥራት ነው። ኬሩክስ የከተማው ወይም የንጉሡ ዐዋጅ ነጋሪ ነበር፤ በትር ይይዛል፣ የላኪውን ቃል ያደርሳል፣ የራሱን አይጨምርም። የግእዝ ተርጓሚዎች ይህን ግሥ «ሰበከ» አሉት። መጥምቁ ዮሐንስ በምድረ በዳ የሚጮኽ ድምፅ የተባለበትን ቦታ ሲተረጉሙም «ቃለ ዐዋዲ» ብለው ስብከትንና አዋጅን አገናኙ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1965 ዓ.ም. ያወጣችው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ «ቃለ ዐዋዲ» የተባለውም ከዚያ ተወስዶ ነው። «ወንጌል» ራሱ ከግሪኩ «ኤዋንጌልዮን» የመጣ ነው። ቃሉ ከክርስትና በፊትም የአደባባይ ቃል ነበር፤ ክርስቶስ ከመወለዱ ጥቂት ዓመታት በፊት በትንሿ እስያ በፕሪኤኔ ከተማ በድንጋይ በተቀረጸ ጽሑፍ ላይ የአውግስጦስ ቄሣር ልደት የምሥራች ተብሎ የተነገረው በዚሁ ቃል ነው።

«ሰበከ» በአገራችን ብዙ ወልዷል። «ምስባክ» በአወጣጡ እንደ «ምሥራቅ» ቦታን የሚያመለክት ስም ነው፤ መስበኪያ ማለት ነው። በቅዳሴ ግን ከወንጌል ንባብ በፊት ዲያቆኑ የሚያዜመው የዳዊት መዝሙር ሆኗል። ከልደት በፊት በታኅሣሥ የሚገባው ሳምንት «ስብከት» ይባላል፤ «ብርሃን» እና «ኖላዊ» ይከተሉታል። ጳጳስ የሚመራው ግዛት «ሀገረ ስብከት» ነው፤ የአንዱ አጥቢያ ክልል «ሰበካ» ነው። ስብከት የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ቦታ፣ ጊዜና ወሰን አውጥቷል ማለት ነው። ከሰበካው ወጥቶ በሌላው ሰበካ ገብቶ ማስተማር ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ቃሉ የወሰን ስም የሆነውም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው።

የሰሚውም ወገን የራሱ ቃላት አሉት። «ሰማዕት» የተገኘው ከ«ሰምዐ»፣ ከሰማ ነው፤ ምስክር የሚሆነው መጀመሪያ የሰማ ሰው ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጎዳና ላይ ወጥቶ ማስተማር «ወንጌል መመስከር» የሚባል ሲሆን፣ በዚያ አነጋገር ውስጥም ሰሚ አለ፤ ምስክር ለሚሰማው ችሎት ነው የሚናገረው። ወደ ጎረቤት ስንሻገር ደግሞ «አዛን» እናገኛለን። ዐረብኛው «ኡዝን» ጆሮ ነው፤ የግእዙ «እዝን»ም ጆሮ ነው። አዛን ለጆሮ የሚደርስ ጥሪ ነው፤ በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያው አዛን ባይም ሐበሻው ቢላል ነበር። የሙአዚኑ ስም የተሠራበት ሥር በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ተቀምጧል።

ሰሚው ካልፈቀደ ቃላቱ ይከፋሉ። «አትስበከኝ» ስንል መታከታችን ነው። «ሰበቀ» ከ«ሰበከ» ጋር በድምፅ ቢቀራረብም ሌላ ነው፤ ጦር ሰበቀ፣ ነገር ሰበቀ ይባላል፤ ሰባቂ የሰው ነገር አመላላሽ ነው። አዋጅ መንገር «መለፈፍ» ሲባል ነውር የለበትም፤ «መለፍለፍ» ግን ስድብ ነው። ይህ ስድብ በመጽሐፍ ቅዱስም ገብቷል። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ገበያ ዕለት ዕለት ካገኘው ሰው ጋር ሲነጋገር ፈላስፎቹ «ስፔርሞሎጎስ» ብለውታል፤ በገበያ የወደቀ ጥሬ የምትለቅም ወፍ ስም ነው፤ ቃል ቃራሚ ለማለት ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ለፍላፊ» አለው። ሆኖም የጳውሎስን ሥራ የሚገልጸው የግሪኩ ግሥ መጮኽን የሚያመለክት አይደለም፤ እየተጠያየቁ መነጋገርን ነው፤ ዛሬ «ዲያሎግ» የምንለው ከዚያው ሥር ነው። የሰደቡትም መልሰው ወደ አርዮስፋጎስ ወስደው አዳመጡት።

«አደባባይ» በጎንደር ዘመን ከቤተ መንግሥት ፊት ያለ ሜዳ ነበር፤ ችሎት የሚዋልበት፣ አዋጅ የሚነገርበት። ጎንደር ላይ አደባባይ ኢየሱስና አደባባይ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉት አብያተ ክርስቲያናት ስማቸውን ከዚያ አግኝተዋል። «የአደባባይ ምሥጢር»፣ «አደባባይ ወጣ» የሚሉት አነጋገሮችም ከዚያ ቀርተዋል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ሾፌሩ «አደባባዩን አዙረህ ግባ» ሲባል ቃሉ የመኪና መዞሪያ ሆኗል። መስቀል አደባባይ ራሱ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር፤ ደመራ፣ የኢድ ሶላት፣ ሰልፍና ታላቁ ሩጫ ሁሉ ተራ በተራ ይውሉበታል። ጃንሜዳ «ጃን» ከሚለው የንጉሥ ማዕረግ ተሰይሞ የጥምቀት ማክበሪያ ሆነ፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አትክልት ተራ ወደዚያ ሲዛወር ሜዳው ለወራት ሽንኩርትና ቲማቲም ተራግፎበታል።

መንገድ ላይ የሚዞር ድምፅ በኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። ላሊበላው ሳይነጋ ከደጅ ያዜማል፣ የቆሎ ተማሪው በማርያም ስም ይለምናል፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ሞት ያረዳል። «ቆራሌው» የሚለው ጥሪ ከ«ቆርቆሮ ያለው» ተቆርጦ የቀረ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ይመጣሉ፣ ይጠራሉ፣ ያልፋሉ።

ይህን ጠባይ የለወጠው ሞንታርቦ ነው። ሞንታርቦ የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ አምራች ስም ነው፤ በኛ ግን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ፣ የትም ይሠራ፣ ሞንታርቦ ይባላል። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት የመርካቶ ሠፈር ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ቆም ብሎ ለሚያዳምጥ ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ወጣት መጽሐፍ ቅዱሱን በግራ፣ ሜጋፎኑን በቀኝ ይዞ ስለ ንስሐ ይናገራል። ከእሱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ጃንጥላ ዘርግተው ሥዕለ አድኅኖ ያቆሙ ልጆች ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ እርዳታ ይጠይቃሉ። ጫማ ነጋዴው ድምፁን ቀድቶ ዋጋውን ደጋግሞ ያስጮኻል፣ የታክሲ ረዳቱ መንገደኛ ይጠራል፣ የዙህር አዛን ይነሣል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይጨምራል። በመጨረሻ ስለ ንስሐ የተነገረው ከጫማው ዋጋ ሳይለይ ይቀራል።

ሕጉ የተናጋሪውንም የሰሚውንም ወገን ያውቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው እምነቱን ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር፣ በይፋም ሆነ በግል የመግለጽ መብት ይሰጠዋል፤ ይኸው አንቀጽ የሕዝብን ሰላምና ጤና እንዲሁም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችልም ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥራል። ዐዋዲን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ተናገር የሚለው፣ እንግዲህ፣ ስሙን የወረሰው አዋጅ ነው።

እኔ የጎዳና ስብከት ይከልከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ዮሐንስም ጳውሎስም ቤት ዘግተው አልተናገሩም፤ አደባባይን ለነጋዴና ለፖለቲከኛ ፈቅዶ ለሰባኪ መንፈግ ፍትሕ አይሆንም። ችግሩ ሥፍራን ያለ ተራ መያዝ ነው። መርካቶ ለዚህ የሚበጅ ቃል አላት፤ ዶሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ አውቶቡስ ተራ እንላለን። «ተራ» በአንድ በኩል ሥፍራ ነው፣ በሌላ በኩል ወረፋ ነው። ሥፍራ ያለው ሁሉ ወረፋ አለበት።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ሰባኪው ከሆስፒታል፣ ከትምህርት ቤትና ከሌላው ቤተ እምነት ደጅ ይራቅ፤ ሊጠይቀው የቆመ ሰው ካለ ሜጋፎኑን አስቀምጦ ያነጋግረው። ጃንጥላ የዘረጋውም፣ ጫማ የሚሸጠውም፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ኃላፊም በዚሁ ልክ ይመዘን። አላፊ አግዳሚውም መስማት ካልፈለገ ሳይሰድብ ይለፍ። የክፍለ ከተማው ደንብ አስከባሪ ደግሞ የሚናገረውን ሃይማኖት ሳይሆን የድምፁን ከፍታ ይለካ።