በቃልና በጽሑፍ መካከል የተዘለለው አካል፦ የአቋቋም መምህርነት እንደ ሰውነት ትምህርት

ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ብዙ ተጽፏል፤ ማኅሌት ስለሚቆመው ሰው አካል ግን እጅግ ጥቂት። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ማኅሌት መቆም የሚማሩበት አቋቋም ቤት የዜማ ቤት ቅጥያ አይደለም። ልቡናንና ሰውነትን አዋሕዶ የሚያሠለጥን፣ መምህሩንም በራሱ ሥርዓት የሚያፈራ፣ ራሱን የቻለ የሰውነት ትምህርት ቤት ነው።

በውጭው ዓለም የተጻፈውን በአጭሩ ላንሣ። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1934 ባደረገው ንግግር አረማመድና አቀማመጥ ከማኅበረሰብ የሚወረሱ ጥበቦች መሆናቸውን አሳይቷል። በታዝማኒያ የተወለደው ተዋናይ ፍሬድሪክ ማትያስ አሌክሳንደር ደግሞ ድምፁ እየተዘጋ ቢያስቸግረው ምክንያቱን በራስና በአንገት አያያዙ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ለንደን ውስጥ የሦስት ዓመት የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። መምህር የሚሆነው ሰው ሌላውን ከማረሙ በፊት የራሱን አካል ማረም አለበት የሚለው መርሑ ትክክል ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ እ.ኤ.አ. በ1993 ኬይ ካውፍማን ሸለመይ፣ ፒተር ጄፍሪና ኢንግሪድ ሞንሰን ስለ ኢትዮጵያ ዜማ የቃልና የጽሑፍ ቅብብል ካሳተሙት ጥናት ጋር ነው። ሥራው ትልቅ ነው፤ የዜማውን መጽሐፍ የድጓን ምልክቶች ከየዘመኑ ብራናዎች አነጻጽሯል፤ መጽሐፉና የመሪጌታው ድምፅ ጎን ለጎን እንደሚሄዱም አስረድቷል። ችግሩ ከመነሻው ነው። የቅብብሉ መንገድ ቃልና ጽሑፍ ብቻ ነው ከተባለ ሦስተኛው መንገድ፣ አካል፣ ቦታ ያጣል። ትውፊት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የተደራጀው የድጓ ምልክት ድምፅ የት እንደሚወጣና የት እንደሚረግብ ይነግራል። ዘማሪው ክብደቱን ከየትኛው እግር ወደ የትኛው እንደሚያሳልፍ፣ ጉልበቱን መቼ እንደሚያላላ፣ መቋሚያውን በምን ያህል ርጋታ እንደሚያነሣ ግን አይነግርም። ይህ ዕውቀት ከመምህሩ አካል ወደ ተማሪው አካል ካልተላለፈ በቀር ሌላ ማደሪያ የለውም።

ለዚህ ሊመሰክር የሚችለው ምንጭ ችላ ተብሏል። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት፣ መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውና እ.ኤ.አ. በ1970 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የታተመው መጽሐፍ ትምህርቱን ከውስጥ የሚያስረዳ ነው። አጥኚዎች የሚጠቅሱት በአብዛኛው ለታሪክ ማጣቀሻ ነው፤ ለእኔ ግን ዋና ጥቅሙ መምህር እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳቱ ነው።

አሁን ማስረጃውን እንመልከት። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ለክፍለ ከተማው መጠሪያ በሆነው በቀራንዮ መድኃኔዓለም፣ በክብረ በዓል ሌሊት ማኅሌት ሲቆም ልብ ብሎ ያየ ሰው ሥርዓቱን ይረዳል። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ቁሙን ይቆማሉ፤ ከዚያ ዝማሜው፣ ንዑስ መረግዱ፣ ዐቢይ መረግዱ፣ ጽፋቱ ይከተላል። እንቅስቃሴው ከዝግታ ወደ ፍጥነት የሚያድገው በደረጃ ነው፤ አካል ሳይሟሟቅ ወደ ከበሮው ሩጫ አይገባም። መቋሚያው በብብት ሥር ገብቶ ረጅሙን ቁመት ያሳርፋል፤ በዝማሜው ጊዜ ደግሞ የአካልን ሚዛን ይመራል። ጸናጽሉ የእጅን ልክ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ እስከ ንጋት የሚዘልቀው ሰውነት ኃይሉን በቁጠባ መጠቀም ስለተማረ ነው።

የመምህርነቱ መንገድም እንዲሁ የተደራጀ ነው። ተማሪው በዜማ ከበሰለ በኋላ ወደ አቋቋም ቤት ይገባል፤ ከአቋቋም ስልቶቹ የጎንደርን ላይ ቤት ወይም ታች ቤት፣ አለዚያም ተክሌን ይመርጣል። ለዓመታት ከመምህሩ ጎን ይቆማል፤ ሲገፋ ታናናሾቹን ያስቀጽላል፤ በመጨረሻም እንደ ጎንደር በዓታ ባለ ስመ ጥር ጉባኤ ያስመሰክራል። ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምረው ከዚህ በኋላ ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1931 የጀመረችውን መምህር የማፍራት ሥራ የእኛ ጉባኤዎች አስቀድመው ይዘውት ነበር።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ዝማሜው የክርስቶስን መንገላታት የሚያመለክት ምሥጢር እንጂ የአካል ሥልጠና አይደለም ይላል። ምሥጢሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምሥጢሩን የሚሸከመው የሠለጠነ አካል ነው። ሁለተኛው፣ እንዲህ ከሆነ ወታደራዊ ሰልፍም የሰውነት ትምህርት ሊባል ነው ይላል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ሰልፈኛው ትእዛዝ ይጠብቃል፣ ማኅሌታዊው ግን ዜማውን አዳምጦ በራሱ አካል ይመልሳል። ሦስተኛው የቅዱስ ያሬድን ትውፊት ይጠቅሳል፦ ንጉሥ ገብረ መስቀል በጦሩ እግሩን ሲወጋው አልተሰማውም፤ ስለዚህ ግቡ አካልን መርሳት ነው ይላል። አይደለም። ቁመቱን ሳያጓድል ዜማውን የቀጠለው ሥርዓቱ ከአካሉ ጋር ስለተዋሐደ ነው።

በእርግጥ ይህ የመነሻ ሐሳብ ነው፤ በየቤቱ ያለው ልዩነት ሰፊ ጥናት ይፈልጋል። ጥናቱ የሚፈልገውን ምንጭ ግን እናውቀዋለን፤ በሕይወት ያሉት የአቋቋም መምህራን ናቸው። እስካሁን የተቀዳው በአብዛኛው ድምፃቸው ነው። የሚቀጥለው ተመራማሪ ተማሪን ሲያርሙ እጃቸውን፣ ትከሻቸውንና እግራቸውን ይቅረጽ፤ የስፖርት ሳይንስ መምህራንን የሚያሠለጥኑ ተቋሞቻችንም እነዚህን ሊቃውንት በመምህርነት ይጋብዙ።