ስድስት ጎራሹና ባለ ካዝናው ሽጉጥ

የጦር መሣሪያን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በመድፍና በጠመንጃ ላይ ነው፤ ሽጉጥን ግን እንደ ታናሽ ወንድም ቈጥረው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በእርግጥም ጦርነትን ብቻውን ያሸነፈ ሽጉጥ የለም። ዳሩ ግን ሽጉጥ የሚመዘዘው ጠላት ጥቂት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሲደርስ፤ ሌላውም መሣሪያ ሁሉ ከእጅ ሲያልቅ ስለ ሆነ፤ አንድ መንግሥት ለወታደሩ የትኛውን ዓይነት ላስታጥቅ ብሎ የሚያደርገው ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። መርጦ የሚፈርመው ሹም በጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ነው፤ የምርጫውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ሹሙ ስሙን እንኳ የማያውቀው፤ በሩቅ አገር የቆመ ሰው ነው። የአሜሪካ ጦር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን ምርጫ ያደረገበት መንገድ፤ በመሥሪያ ቤት ውለን ለምናድር ሰዎች ሊነገር የሚገባው ሆኖ ስላገኘሁት ባጭሩ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሁለቱን ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን መሣሪያ በሚጎርሰው ጥይት ልክ ይጠራልና፤ የመጀመሪያውን ስድስት ጎራሽ ብንለው ያስማማል። ሳሙኤል ኮልት በ1836 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ይኸው ዓይነት ነው። ጥይቶቹ የሚቀመጡት እንደ ትንሽ ከበሮ ባለ ክብ ብረት ውስጥ ነው፤ ከበሮው አንድ ደረጃ በዞረ ቍጥር አንዱ ጥይት ከአፈ ሙዙ ትይዩ ይቆማል። የኋለኞቹ ሞዴሎች ምላጩ በተሳበ ቍጥር ከበሮውን ራሳቸው ስለሚያዞሩ፤ አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ይበቃል፤ ቀጣዩ ይተካል። ሁለተኛው ዓይነት ጥይቱን በእጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና ይይዛል። ሲተኰስ፤ አረሩን ወደ ፊት የሚወረውረው ኀይል የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ብረቱም ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥላል፤ ሲመለስም አዲስ ጥይት ከካዝናው አንሥቶ ያጐርሳል። ካዝናው ባዶ ሲሆን ሌላ ካዝና መክተት የጥቂት ሰኮንድ ሥራ ነው፤ የከበሮውን ጥይት አንድ በአንድ መሙላት ግን በተኩስ መካከል ላለ ሰው ረዥም ዘመን ይመስላል። ነገር ግን ባለ ካዝናው ቢከሽፍ ወይም ቀለህ ቢሰነቀርበት ሁለት እጅ ይጠይቃል።

የአሜሪካ ጦር በ1873 የተቀበለው ስድስት ጎራሽ አረሩ ወርዱ 45 ነበረ፤ ይህም ማለት የኢንች መቶኛ 45፤ በሚሊሜትር 11 ተኩል ገደማ ነው። በ1892 ግን ቀለል ያለና ፈጥኖ የሚተኰስ ስድስት ጎራሽ ተመረጠ፤ የአረሩም ወርድ ወደ 38 ዝቅ አለ። በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም መሻሻል ነበረ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ በ1898 ከእስፓንያ ጋር ተዋግታ የፊሊፒንን ደሴቶች ያዘች፤ የአገሩም ሕዝብ የውጭ ገዢ በሌላ የውጭ ገዢ መለወጡን አልቀበልም ብሎ ተዋጋ። በደቡብ ያሉት ሞሮ የሚባሉ እስላሞች ጎራዴያቸውን ይዘው በቅርብ ሲገጥሙ፤ በ38 ሽጉጥ ደጋግመው የተመቱት እንኳ ሳይወድቁ ከተኳሹ ይደርሱ ነበር። በ1905 በሳማር ደሴት አንድ እስረኛ ሊያመልጥ ሲሞክር ደረቱን ሦስት ጊዜ ተመትቶ አልወድቅ ስላለ፤ በመጨረሻ በጠመንጃ ሰደፍ ተመትቶ ነው የቆመው። ይህን ታሪክ የምናነበው ሁልጊዜ ከተኳሹ ወገን ነው፤ ለአገሩ ሲል በጎራዴ ወደ ጥይት የሮጠው ሰው ምን እንዳሰበ የጻፈልን የለም። የሆነ ሆኖ ጦሩ የጣለውን የ1873 ዓይነት አሮጌ ሽጉጥ ከግምጃ ቤት አውጥቶ እንደ ገና ለወታደሩ አደለ።

ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ ሲወራ የምንሰማው፤ ስድስት ጎራሹ በፊሊፒን ስላፈረ ባለ ካዝናው ተተካ የሚለው ነው። ይህ ግን ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ያደርጋል። በፊሊፒን ያፈረው አረሩ እንጂ ከበሮው አልነበረም። ከግምጃ ቤት የወጣው አሮጌው መሣሪያም እኮ ስድስት ጎራሽ ነበረ!

የጦር ሚኒስቴሩ ጥያቄዎቹን ለይቶ መያዙ የሚያስመሰግነው ነው። በ1904 ካፒቴን ጆን ቶምሰንና ሐኪሙ ሻለቃ ሉዊስ ላጋርድ ስለ አረሩ ብቻ እንዲመረምሩ ታዘዙ። እነርሱም በቺካጎ የከብት ማረጃ ሥፍራ በሕይወት ባሉ ከብቶች ላይ፤ ደግሞም በሰው አስከሬን ላይ ልዩ ልዩ ጥይት እየተኰሱ ፈተኑ። ነገሩ የሚያሰቅቅ ነው፤ በዛሬም የሳይንስ ሚዛን ቢመዘን የከብቶቹ ቍጥር ጥቂት፤ አሠራሩም ያልተስተካከለ ሆኖ ይገኛል። የደረሱበት ፍርድ ግን የጦር ሽጉጥ አረር ወርዱ ከ45 ማነስ የለበትም የሚል ነበረ። ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላም ቃል ጨምረዋል፤ ይኸውም ሽጉጥ የሚታጠቅ ወታደር ዒላማ መምታትን ያለ ማቋረጥ መለማመድ አለበት የሚል ነው። አረር ይስፋም ይጥበብ ካልመታ አይረዳምና።

ስለ አሠራሩ የተደረገው ፈተና በ1907 በእስፕሪንግፊልድ የመሣሪያ ፋብሪካ ተጀመረ። ኮልትና ሳቬጅ የተባሉት የአሜሪካ ኩባንያዎች ባለ ካዝና ሽጉጣቸውን አቀረቡ፤ ከጀርመን ጌዎርግ ሉገር በ45 ልክ የሠራውን ይዞ መጣ፤ ስድስት ጎራሾችም አብረው ቀርበው ተፈተኑ። ቦርዱ የኮልትንና የሳቬጅን በወታደር እጅ ይፈተኑ ብሎ መረጠ፤ ሉገር ግን ኋላ ከውድድሩ ወጣ። ጦሩም ምርጫው እስኪያልቅ ብሎ በ1909 በ45 ልክ የተሠራ ስድስት ጎራሽ ገዝቶ ወደ ፊሊፒን ላከ። እንግዲህ የአረሩ ችግር ባለ ካዝናው ሳይመረጥ አስቀድሞ በስድስት ጎራሹ ተቃልሎ ነበር ማለት ነው።

ለአዲሱ መሣሪያ ብዙ ጥያቄ ያቀረበው ፈረሰኛው ጦር ነበረ፤ ጥያቄውም ፍሬ ያለው ነው። ፈረሰኛ በግራ እጁ ልጓም ይይዛል፤ ለሽጉጥ የሚተርፈው አንድ እጅ ብቻ ነው። ባለ ካዝናው አንድ ጊዜ ከተተኰሰ በኋላ ለሚቀጥለው ተኩስ ራሱን አዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ፤ ፈረሱ ሲደነብር ጣት ምላጩን ቢነካ ጥይቱ የሚያርፈው በፈረሱ አንገት ወይም በጌታው ጕልበት ላይ ይሆናል። የኮልትን ሽጉጥ ያወጣው ጆን ብራውኒንግ የተባለው የዩታ ሰው፤ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ፤ ይህን ሲሰማ አልተቀየመም። በእጀታው ጀርባ ላይ መዳፍ ካልጨበጠው ተኩስ የሚከለክል መጠበቂያ ተጨመረ፤ ኋላም በአውራ ጣት የሚቈለፍ ሌላ መጠበቂያ ገባበት። መሣሪያው ዝናውን ያገኘበት መልክ እንዲህ በተጠቃሚው ቅሬታ የተቀረጸ ነው።

በመጋቢት 1911 የመጨረሻው ፈተና ሆነ። ከእያንዳንዱ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ይተኰስ ተባለ። በየመቶው ጥይት ጥቂት እንዲበርድ ይደረግ ነበር፤ በየሺሁም ይጸዳና ዘይት ይቀባ ነበር፤ ብረቱ እጅ የማያስነካ ሲሆን ውኃ ውስጥ ይነከር ነበር። ብራውኒንግም በሥፍራው ተገኝቶ ይመለከት ነበር። የሳቬጅ ሽጉጥ 37 ጊዜ ሲሰናከል የኮልት አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰናከለም። ሆን ተብሎ በተበላሸ ጥይት፤ በአሸዋና በዝገትም ተሞከረ። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ጦሩ ተቀበለው፤ ስሙም ከዓመቱ የተነሣ ኤም 1911 ተባለ። እንግዲህ ስድስት ጎራሹን ከሥፍራው ያነሣው የሞሮ ጎራዴ ሳይሆን ይህ የ6,000 ጥይት ሥራ ነው፤ «ይሰነቀራል» የሚለው የቀድሞው ስጋት ያን ቀን መልስ አገኘ።

ተሸናፊው ግን ወዲያው አልተሰናበተም። አሜሪካ በ1917 ወደ ታላቁ ጦርነት ስትገባ ፋብሪካዎቹ ባለ ካዝናውን ለሁሉ ማድረስ ስላልቻሉ፤ ኮልትና እስሚዝ ኤንድ ዌሰን ያንኑ የ45 ጥይት የሚጎርስ ከበሮ ያለው ሽጉጥ እንዲሠሩ ታዘዙ። አዲሱ ጥይት በግርጌው የሚይዘው ከንፈር ስለሌለው ከከበሮው ለማውጣት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሦስት ሦስት ጥይት የምትይዝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ስስ ብረት ተበጀችለት። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ወደ 300,000 ያህል ተሠራ። እንግሊዞች ደግሞ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ ከስድስት ጎራሽ አልተለዩም፤ ባለ ካዝናውን ለጦራቸው ሁሉ የመረጡት በ1954 ነው።

የአሜሪካም ፖሊስ ከጦሩ ጋር አልሄደም። ከተማ የሚጠብቅ ሰው አብዛኛውን ዘመኑን አንድ ጥይት ሳይተኩስ ይጨርሳል፤ ለእርሱ ዓመት ሙሉ በሰገባ ውስጥ ከርሞ ሲመዘዝ ምንም ሳይጠይቅ የሚተኩስ መሣሪያ ይሻለው ነበር። ይህ አሳብ የተናወጠው በሚያዝያ 11 ቀን 1986 ነው። ያን ቀን በማያሚ ከተማ የፌደራል የምርመራ ቢሮ ሰዎች ከሁለት የባንክ ወንበዴዎች ጋር ተታኩሰው ሁለቱ ሞቱ፤ አምስቱ ቈሰሉ። አንደኛው ስድስት ጎራሹን እንደ ገና ሲሞላ እጁን ተመታ። በሌላ በኩል ደግሞ ከባለ ካዝና ሽጉጥ የወጣ የ9 ሚሊሜትር አረር ከአንዱ ወንበዴ ደረት ገብቶ ልቡ ጋ ሳይደርስ ቀረ፤ ሰውየውም ተኩሱን ቀጠለ። ስለዚህ እንደ ፊሊፒን ዘመን ሁሉ የአረሩ ጥያቄና የአሠራሩ ጥያቄ አብረው ተነሡ፤ ቢሮውም ሁለቱንም መመርመር ያዘ። ፖሊሶች በየከተማው ወደ ባለ ካዝናው ዞሩ፤ የኒው ዮርክም ፖሊስ በ1993 ፈቀደው።

የማያሚውን ተኩስ የፈጸመው ግን አንድ ክንዱ የተሰበረበት መርማሪ ነበረ። በቀረው እጁ ሽጉጡን መዝዞ ወደ ወንበዴዎቹ መኪና እየተራመደ ስድስት ጊዜ ተኰሰ፤ ሁለቱም ሞቱ። በእጁ የነበረው ስድስት ጎራሽ ነው።