አሞሌና ኮራል

ባሕር ወደ ወሎዋ መካነ ሰላም የመጣው በአህያ ተጭኖ ነው፤ አሞሌ ይባላል። በዳሎል አካባቢ ከጨው ሜዳው በመጥረቢያ ይፈለጥ፣ በግመል ወደ ትግራይ ጠርዝ ይወጣ፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ደጋውን ይዞ ወሎ ይደርስ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት አይቶ ጽፏል። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በስማቸው ብር ካስመቱ በኋላም አሞሌ ከገበያ ቶሎ አልወጣም። አያቴ የምታውቀው ግን ለከብት ነው። በመጅ ከስክሳ ለላሞቹ ስታቀርብ፣ መዳፏ ላይ የቀረውን ዱቄት እኔ እልሰዋለሁ።

ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው። ከ120,000 ዓመት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር እዚያ ድረስ ገብቶ ነበር። መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተነነ፣ ጨው ተነጠፈ፤ በሜዳው ዳርቻ የያኔው ኮራል ድንጋይ ሆኖ ዛሬም አለ። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም ሲባል በየቀኑ እሰማለሁ፤ ኮራል አላት ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ጨውና ስለ ኮራል ለመጠየቅ ያበቃኝ ጅዳ ነው። የተቀጠርኩበት ቤት ሳሎን ውስጥ ትንሽ የባሕር ዓሣ ገንዳ ነበር፤ ማጽዳቱም ለእኔ ደረሰ። የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ይጋገራል። በጥፍሬ ፍቄ ስቀምሰው ያው አሞሌ! የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፣ ጨው ወደኋላ ይቀራል። ስለዚህ ገንዳው ሲጎድል የሚጨመርበት ጨው የሌለው ንጹሕ ውኃ ነው። ጨዋማውን እየደጋገመ የሚሞላ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ዳሎል እየሠራ ነው።

ከባሕር ርቆ የባሕር ዓሣ ማኖር እንደሚቻል ካሳዩት አንዱ እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 የባሕር ውኃን ራሱ ቀምሞ ሠራ። የወጥ ጨው ብቻ ስላልበቃው የማግኒዚየምና የፖታሲየም ጨዎች ጨመረበት። ኮራል ደግሞ አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም ይፈልጋል። አሞሌ በጥብጦ ዓሣ ማርባት፣ አንድ የአገሬ ልጅ በስልክ እንደጠየቀኝ፣ አይሆንም። ኮራልን ቤት ውስጥ አኑሮ ማቆየት ብዙዎችን ለረጅም ጊዜ አስቸግሯል፤ የኢንዶኔዢያው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ይዞ እንዴት እንዳኖረው ጻፈ። ድንጋዩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት የውኃውን ቆሻሻ ይበሉታል።

ለቀይ ባሕር ዓሦች ሳይንሳዊ ስም ካወጡት መካከል ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል አለ። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ ጎንደር ወጥቷል። እኛ ወሎ ውስጥ ደንቆሮ በሚባለው ጫካ አፋፍ ላይ የምናየውን ጭላዳ እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀውን የቀይ ባሕር ክላውን ዓሣም ከዚያ ቀድሞ፣ በ1830፣ ገልጾታል። ይህ ዓሣ በአሠሪዬ በማዳም ገንዳ ውስጥ ነበር፤ ስፖንጅ ይዤ እጄን ባስገባሁ ቁጥር ይነክሰኛል። እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ቦታውንም ለማንም አይለቅም። ለትንሽ ገንዳ የሚመች አይመስለኝም፤ የፓስፊኩ ብርቱካናማ ዘመዱ ይሻላል።

ማዳም ከሁሉ የወደደችው ፊቱ ብርቱካናማ የሆነውን ቢራቢሮ ዓሣ ነበር፤ ሻጩ ራሱ ከለከላት። የሚበላው የአክሮፖራ ኮራልን ሕይወት ያለው ሥጋ ስለሆነ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ያልቃል። በምትኩ ፍሪድማኒ የሚባለውን ሰጣት። መላ አካላቱ ወይን ጠጅ ነው፣ ከስድስት ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ቀይ ባሕር ብቻ ነው፣ አሁን ግን በሰው እጅም ይራባል። ሊገዛ የሚገባውም እንዲህ በገንዳ የተወለደው ነው፤ የተዘጋጀ ምግብ ቶሎ ይለምዳል።

ከኮራሉም አክሮፖራ ቀረ። ብርቱ ብርሃንና የማይዋዥቅ ውኃ ይፈልጋል፤ ትንሽ ውኃ ደግሞ ሙቀቱም ጨዋማነቱም በአንድ ቀን ይለዋወጣል። የመጣው ዜንያ ነው፦ ለስላሳ፣ እንደ ሕፃን መዳፍ ሲከፈት ሲጨበጥ የሚውል። ካልገደቡት ድንጋዩን ሁሉ ይወርሳል። ስለዚህ ከሌላው ሳይነካካ አሸዋው መሃል ለብቻው ድንጋይ ይደረግለታል፤ ጫፉ ሲበዛ በመቀስ ይቆረጣል፣ ቁራጩም ሌላ ገንዳ ውስጥ ይበቅላል።