አጎትና የእህት ልጅ፦ የአንድ ጀርመናዊ ስደተኛ ዘር ከጎንደር እስከ ለንደን

(በጽሑፉ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1935 የጀርመን መንግሥት ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰዎች ጋር ጉዳይ ነበረው።

አንደኛው በለንደን የጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ሠራተኛ የነበረው ዮና ፎን ኡስቲኖቭ ነው። የአይሁድ ዘር እንደሌለበት እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። አላረጋግጥም አለ፤ ሥራውን አጣ።

ሁለተኛው የእናቱ ወንድም ዴቪድ ሆል ነው። በዚያው ዓመት የአፄ ኃይለ ሥላሴ መልእክተኛ ሆኖ ጀርመን ሄደ። ጣሊያን ልትወርራት ለተዘጋጀችው ኢትዮጵያ መሣሪያ ጠየቀ። ጀርመንም በድብቅ እሺ አለች።

አጎትና የእህት ልጅ፣ ያው አንድ ደም። የእህት ልጁ በዘሩ ተጠይቆ በፊት በር ወጣ፣ አጎቱ በጓሮ በር ገብቶ ተስተናገደ። ለመሆኑ ዮና አላሳይም ያለው የዘር ወረቀት ቢገለጥ ምን ይገኝበት ነበር? ወደ ኋላ እየተቆጠረ ቢኬድ ታሪኩ የሚያርፈው እኛው አገር ነው።

ዮና በ1892 በያፋ ተወለደ። አባቱ ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭ ከአገሩ ወጥቶ ፕሮቴስታንት የሆነና የቩርተምበርግ ዜግነት የወሰደ ሩሲያዊ መኳንንት ነበር። እናቱ ማግዳሌና ሆል ትባላለች። የትውልድ ቦታዋ መቅደላ፣ የትውልድ ዓመቷ 1868 ነው። ያ ዓመት ለኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያሻውም።

የማግዳሌና አባት ሞሪትዝ ሆል ከክራኮቭ የመጣ አይሁዳዊ ነበር። ክርስትና ተቀብሎ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ ሚሲዮናውያን ጋር ሠራ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሚያቀልጡት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ነው። የማግዳሌና እናት ደግሞ በአውሮፓውያን መዝገብ ካታሪና ሆል ናት። በእናቷ አገር ግን ወለተ ኢየሱስ ነበረች።

የወለተ ኢየሱስ አባት ኤድዋርድ ሳንደር ይባላል። በ1813 በአንሃልት ግዛት በራዴጋስት የተወለደ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነው። በ1847 ኢትዮጵያ ገብቶ በስሜንና በትግሬ ገዥ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ አገለገለ። ውቤ በ1855 በደረስጌ ሲሸነፉ እሱም ወደ አሸናፊው ወደ ቴዎድሮስ ተሻገረ። ሊጎበኝ የመጣ መንገደኛ አልነበረም። ጎጆ ቀልሶ፣ አግብቶና ወልዶ የኖረ ስደተኛ ነው። ሚስቱ የጎንደር የቤተ መንግሥት ሴት ነበረች። ስሟ በአውሮፓ ፊደል ተጽፎ የቀረ ሲሆን ወደ እኛ ሲመለስ እሴተ ወርቅ ተብሎ ይነበባል።

መቅደላ ስትወድቅ እነዚያ አውሮፓውያን ቤተሰቦቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ሳንደር አገሩን ሳያይ በዚያው ዓመት ሞተ። ሆል ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ያፋ ሰፈረ።

እዚህ ላይ የመዝገብን ነገር ማየት ያስፈልጋል። በጀርመን የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመጽሐፍ እየጻፉ ኖረዋል። የተጠመቀው ልጅ ስም፣ ቀኑ፣ የወላጆቹና የክርስትና አባትና እናቱ ስም በተርታ ይሰፍራል። ከ1876 ወዲህ ደግሞ በመላ አገሪቱ የመንግሥት የክብር መዝገብ ተጨመረ። ስለዚህ የአንድ ተራ ገበሬ ልጅ እንኳ አያቶቹን ለመፈለግ የሚገልጠው መጽሐፍ አለው።

ናዚዎች ያንን መጽሐፍ ወደ መሣሪያ ለወጡት። በ1933 በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መሠረት ከአራቱ አያቶች አንዱ አይሁዳዊ ከሆነ ከሥራ ለመባረር ይበቃ ነበር። ሰው ሁሉ የአያቶቹን የጥምቀት ማስረጃ ፍለጋ ወደ ካህናት ቢሮ ጎረፈ። ክርስትና መቀበል አያድንም ነበር፤ የሚቆጠረው ሰውየው የተወለደበት ሃይማኖት ነው። የዮና የእናቱ አባት የክራኮቩ ሞሪትዝ ሆል ነው። ወረቀቱ ቢቀርብ መልሱ ግልጽ ነበር። ዮና ግን መልሱን ከመስጠት ይልቅ ጥያቄውን ራሱን እምቢ አለ። እንግሊዛዊ ዜግነት ወሰደ፤ ለእንግሊዝ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ለኤም አይ ፋይቭ ሠራ።

የኢትዮጵያው ወገን ግን እሴተ ወርቅ ላይ ሲደርስ ይሳሳል። የሳንደርን ወገን ፈላጊ የሚጀምርበት የአጥቢያ መዝገብ አለው። የእሷን ወገን ፈላጊ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አያገኝም። «ሆል» ብሎ የሚፈልግ ሰው ካታሪናን ያገኛታል፤ ጎንደሬዋን እናቷን ግን በዚያ ስም አያገኛትም።

ይህ ማለት እኛ ዘር አንቆጥርም ነበር ማለት አይደለም። እንዲያውም ከማንም በላይ እንቆጥር ነበር። የምንቆጥረው በብራና ሳይሆን በአፍ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ለርስት ደግሞ ተሟጋች ዳኛ ፊት ቆሞ እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ይወርዳል። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚመጣ የቅድመ አያት ሴት ስም መርሳት መሬት ማጣት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ባላባታዊው ሥርዓት ወደቀ። ከእሱ ጋር ግን ያንን ሁሉ ስም በቃል የሚያስጠና ምክንያትም አብሮ ሄደ። በምትኩ ለብዙ ዓመታት መዝገብ አልተከፈተም። ዛሬ የአያቱን እናት ስም የሚያውቅ ወጣት ስንት ነው?

መዝገብ ግን በራሱ ጽድቅም ኃጢአትም የለውም። ወሳኙ ሰው ሊጠይቀው የሚመጣው ጥያቄ ነው። ርስት ፈላጊው ሲቆጥር «ከእነማን ጋር እገናኛለሁ?» ይላል፤ በቆጠረ ቁጥር ዘመዱ ይበዛል። የናዚ ጸሐፊ ሲቆጥር «ማን ይውጣ?» ይላል፤ በቆጠረ ቁጥር ሰው ይጎድላል። በእኛም አገር ለዓመታት በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል ክፍት ቦታ ነበረ። የሚይዘው አንድ ቃል ብቻ ነው። የወለተ ኢየሱስ ልጆች እዚያ ቦታ ላይ ምን ብለው ይሞሉ ነበር? ጀርመን? አይሁድ? ጎንደሬ? የትኛውም ቢጻፍ ከእናት ወይም ከአባት አንዱ ይሰረዛል።

የዮና ልጅ በ1921 በለንደን ተወለደ። ዓለም ፒተር ኡስቲኖቭ ብሎ ያውቀዋል። ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመ ተዋናይ፣ ደራሲና የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ነበር። ኢትዮጵያዊ ደም እንዳለበትም አልደበቀም። በ2004 ሲሞት የእንግሊዝ ሰር ተብሎ ነው።

የጎንደሯ እሴተ ወርቅ የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ መሆኑ ሊታወቅ የቻለው ስሟን አንድ ሰው ስለጻፈው ነው። የተጻፈውም በሰው አገር ፊደል ነው። እናትና አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ደውሉና የእናታቸውን፣ የእናታቸውን እናት ስም፣ የተወለዱበትን ቀበሌና ደብር ጠይቁ። ደብተር ላይ ጻፉት። ነገ ለሚፈልግ ልጅ መነሻው ያ ገጽ ነው።