አርባ ከመቶው ደን የት ነበር?

ከመቶ ዓመት በፊት 40 ከመቶ የሚሆነው የኢትዮጵያ መሬት በደን የተሸፈነ ነበር ሲባል ያልሰማ ተማሪ፣ ይህንኑ ያላስተላለፈ ሬዲዮ የለም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የሚመጣውም ይታወቃል፤ ገበሬው መንጥሮ ጨረሰው፣ የቀረው 3 ከመቶ ብቻ ነው። ክሱ ከባድ ነው። በዚህ ክስ ብዙ ዘመቻ ተጠርቷል፣ ብዙ ተራራ ከግጦሽና ከእርሻ ተከልክሏል። ስለዚህ ማስረጃውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱን ደን የለካ ሰው አልነበረም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የቁጥሩን ዱካ ወደ ኋላ ቢከተሉት አንዱ ሪፖርት ሌላውን ሲጠቅስ እንጂ ከሥሩ ልኬት አላገኙም። ከፍታውና ዝናቡ ታይቶ፣ ሰው ባይነካው ኖሮ መሬቱ ምን ያህል ደን ሊሸከም ይችል ነበር የሚለው ግምት በቅብብል ታሪክ ሆኖ ተገኘ። የዛሬው ቁጥርም ቢሆን ተንሸራታች ነው። ለዓመታት 3 ወይም 4 ከመቶ ሲባል የቆየው የደን ሽፋን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የደን ትርጓሜ ተሻሽሎ ቀርከሃውና ጥቅጥቅ ያለው የቆላ ዛፍ ሲካተትበት 15.5 ከመቶ ሆነ።

ከቁጥር ይልቅ ፎቶግራፍ ይሻላል። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፈ፣ በአዲግራት፣ በሕንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ካሜራውንና የመስተዋት ሰሌዳውን በከብት ጭነው የመንገዱን ተራራና ሸለቆ አንሥተው ሄዱ። ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጂየማዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ፎቶዎቹ የተነሡባቸውን ቦታዎች እየፈለጉ፣ የድሮው ካሜራ ከቆመበት ቆመው ያንኑ ገጽታ እንደገና አነሡ። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በሰሜኑ ደጋ የሚታየው ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። ተራራው በቴዎድሮስ ዘመንም ራቁቱን ነበር። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፍና ቁጥቋጦው ዛሬ ይበልጣል፤ እርከን የተሠራበትና ከከብት የተከለለው ዳገትም አገግሟል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በወሎ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ፎቶዎች ተነሥተው ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል፤ እሳቸውም በብዙ መንደሮች ዛፉ ጨምሮ አግኝተውታል፣ በተለይ በገበሬው ግቢ ዙሪያ።

ታዲያ ምንጣሮ አልነበረም ማለት ነው? ነበር፤ ግን ዕድሜው ሌላ ነው። በወሎ ከሐይቅና ከአርዲቦ ሐይቆች ሥር በተወሰደው ደለል ውስጥ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በዚያ አካባቢ ደኑ የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን አግኝተዋል። ከዚያ በኋላ ለ1,800 ዓመት ያህል ቁጥቋጦና ሣር ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደግሞ ጽዱ መለስ ብሎ አገሩን ሸፈነ፣ በኋላም እንደገና ተመነጠረ። ደን የሚሄድና የሚመለስ ነገር መሆኑን ያ ጭቃ መዝግቦታል። በእኔ እምነት ይህ ከአርባ ከመቶው ተረት ይልቅ ለተስፋም ለጥንቃቄም የሚበጅ ታሪክ ነው።

ተረቱ ግን ፖሊሲ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ከታወጀ በኋላ፣ በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ እርዳታ በየተራራው እርከን ተሠራ፣ ብዙ ችግኝ ተተከለ። ተካዩ ገበሬ ነው፤ ዛፉ ግን የመንግሥት ወይም የገበሬ ማኅበሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ በብዙ አካባቢ ያ ሁሉ ተክል በጥቂት ወራት ተጨፈጨፈ። ይህን ከገበሬው ድንቁርና የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። ያው ገበሬ በጓሮው የተከለውን ባሕር ዛፍ ሌሊት ወጥቶ ይጠብቃል።

ባሕር ዛፍ የመጣው በዐፄ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ነው። አዲስ አበባ እንጨት ጨርሳ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ቶሎ የሚያድገው ዛፍና ለሚተክለው የተሰጠው የግብር ምሕረት ከተማዋን ከስደት አዳናት። ውሃ ይመጥጣል፣ አጠገቡ እህል አያበቅልም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም፤ ከምንጭ አጠገብና ከማሳ ዳር ላይ እውነትነት አለው። ትግራይ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1997 በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል ተከልክሎ ነበር። ሆኖም አጣናውን ሸጦ ልጁን የሚያስተምር ሰው በዛፍ ጠላትነት ሊከሰስ አይገባም።

የሚያሳዝነው፣ መሬቱ ተራቁቷል ተብሎ የተወሰደው እርምጃ እውነተኛውን ደን ማስመንጠሩ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ 600,000 ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተወሰደ። ብዙው ወዶ አልሄደም። ጎጆ መሥራት፣ ማሳ ማቅናት፣ እንጨት ማንደድ ነበረበት፤ ጥቅጥቅ ያለው ደን በዚህ ተሸነቆረ።

በከፋ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በቦንጋ ዙሪያ ነዋሪው ከመንግሥት ጋር ውል ፈርሞ ደኑን ይጠብቃል፤ በምላሹ ማሩን፣ የደን ቡናውንና ኮረሪማውን ይጠቀማል። ማን ገብቶ ምን እንደሚወስድ የሚወስነው በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ነው። እዚያው አጠገብ ያለው የውሽውሽ የሻይ እርሻ ግን ደን ተመንጥሮ የተመሠረተ ነው። የነዋሪው ውል የጎረቤትን መጥረቢያ ያስቆማል፤ ከበላይ ለባለሀብት ተመርቶ ካርታ ይዞ የሚመጣውን ለማስቆም የሚያስችል አቅም ግን ገና አልተሰጠውም።