ወርቁን ወደን፣ ወርቅ ሠሪውን ሰደብን

ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተን ቀለበታችን ላይ ስም እናስቀርጻለን። የቀረጸውን ሰው ሙያ ግን ለዘመናት «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። በላዩ 1780 የተጻፈበትን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አቅልጦ የአንገት መስቀላችንን የሠራልን ይኸው የተሰደበው አንጥረኛ ነው።

ከቁስጥንጥንያ የመጣው አርመናዊ ወርቅ ሠሪ ዲክራን ኤበያን ለአፄ ዮሐንስ 4ኛም ለአፄ ምኒልክም ዘውድ ሠርቷል። እንግዳው በእጁ ጥበብ ቤተ መንግሥት ሲገባ፣ ብዙው የአገሬው ባለእጅ ከጋብቻ ይገለል ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ቆየ።

ዋጋውን የከፈልነው ሁላችንም ነን። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ተላለፈ፤ ሌላው ሊማረው አፈረ።

ዛሬ ከአንጥረኛ ቤት ያልተወለደ ወጣት ከስልኩ እያየ ቅርጽ ራሱን ማስተማር ይችላል። ለመነሻ የመዳብ ቁራጭና በደንብ የተሳለ መቅረጫ ይበቃዋል። መጀመሪያ ቀጥታ መስመር፣ ቀጥሎ ጥምዝ ይለማመዳል። ጥምዙ ላይ እጁን አያዞርም፤ ብረቱን ያዞራል። ማኅተም ከሆነ ፊደሉን ገልብጦ ይቀርጻል።

የግዕዝ ፊደል በጠባብ ቀለበት ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ግን የባዕድ አገር ቪዲዮ አያስተምረውም። ያንን የሚያውቁት የእኛው አንጥረኞች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ የቆየው ጉርብትና ተበተነ። የፈረሰው ቤት በሌላ ይተካል፤ ሳያስተምር ያለፈ ባለሙያ ግን አይተካም።

የምታውቁት አንጥረኛ ካለ ሄዳችሁ «አስተምረኝ» በሉት። የነፈግነውን ክብር መመለስ የሚጀመረው ከዚያ ነው።