ከሰገሌ እስከ ባቲ፦ ዘውድና ምክር ቤት ከወሎ መንገድ ሲታዩ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተሰበሰቡት መኳንንትና የጦር አለቆች ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ሻሩ። አቡነ ማቴዎስ ከመሐላቸው ፈቷቸው፤ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተባሉ። የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ሸዋ ገቡ፤ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድን ድል ነሱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በሃይማኖት ክስና በሸዋና በወሎ ፉክክር በኩል ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ገጽታው ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር አንድ ሸንጎ ተቀምጦ የምኒልክን ወራሽ ከሰሰ፣ ፈረደ፣ አወረደ።

እርግጥ ነው ኢያሱ ዘውድ አልጫኑም ነበር፤ ከሳሾቻቸውም ያቺን ቀዳዳ ያውቋታል። ቢሆንም ንጉሥን የመግታት ኃይል በአገሩ ነበረ። ያልነበረው ደንቡ ነው፤ ማን ይሰበስባል፣ ማን ይከሳል፣ ማን ይወስናል የሚለው በጉልበትና በጊዜው አሰላለፍ ይቆረጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1910 ዓ.ም.፣ መሐል ሰፋሪ የሚባለው የቤተ መንግሥቱ ጦር ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ብሎ ተነሣ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም ተሻሩ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በወታደር ጩኸት ፈረሰ ማለት ነው። ይህ ልማድ ከ56 ዓመት በኋላ ሌላ መለዮ ለብሶ ይመለሳል።

እንግሊዞች ይህንን የንጉሥና የሸንጎ ጠብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተፋልመውበታል፤ የጀመረውም በገንዘብ ነው። ቀዳማዊ ቻርልስ አልታዘዝ ያለውን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1629 በትኖ 11 ዓመት ብቻውን ገዛ። ስኮትላንዶች ጦር ሲያነሡበት ግን ካዝናው ባዶ ነበርና በ1640 ራሱ መልሶ ጠራው። የተጠራው ፓርላማ ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት የ11 ዓመት ብሶቱን ዘረገፈ። በ1642 ጦርነት ተከፈተ፤ በጥር 1649 ንጉሡ ተፈርዶበት አንገቱ ተቀላ። ንግሥናው በ1660 ቢመለስም፣ በ1689 የወጣው የመብቶች ሕግ ንጉሥ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር እንዳይጥል፣ በሰላም ጊዜም ጦር እንዳያቆም ከለከለው። ሰው የሚያስታውሰው መጥረቢያውን ነው፤ ሥራውን የሠራው ግን የካዝናው ቁልፍ ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥት በተቃራኒው፣ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ ከዙፋኑ የወረደ ስጦታ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን ባለ 55 አንቀጽ ሰነድ ያረቀቁት ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ መነሻቸውም የጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። አምስተኛው አንቀጽ የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፣ ክብራቸውን የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውን የማያከራክር አደረገው። ከሁለቱ ምክር ቤቶች ሕግ መወሰኛውን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙታል። የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ። ይህ ፓርላማ ንጉሡን ለማሰር አልተሠራም። የታሰሩት መሳፍንቱ ናቸው፤ እንደ ሚካኤል ጦር አንቅቶ ሸዋ የሚወርድ የክፍለ ሀገር ገዥ ሁለተኛ እንዳይነሣ በአዲስ አበባ ወንበር ተሰጣቸው።

ወሎ ራሱ የተያዘበት መንገድ ይህንን ይመሰክራል። ከሚካኤል ቤት የወጣው ግዛት ለአልጋ ወራሹ ለመርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ተሰጠ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም ልዑሉ ለረጅም ዓመታት የወሎ ገዥ ነበሩ። እንግዲህ የቦርከና ሸለቆ ገበሬ በገዥው ቢበደል አቤት የሚለው በዙፋኑ ወራሽ ላይ ነው። ስለ ወሎ በፓርላማ መጠየቅ ዘውዱን የመጠየቅ ያህል ከባድ የሆነው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የራሷን የተመረጠ ምክር ቤትና ዘመናዊ ሕገ መንግሥት ይዛ መጣች። የእናት አገሩ ሕገ መንግሥት ከክፍሉ ያነሰ ሆኖ መታየቱ አሳፋሪ ነበርና ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ በንግሥናው 25ኛ ዓመት በዓል፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። 131 አንቀጾች አሉት፤ ሕዝብ የሕግ መምሪያ አባላትን በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ። በመጀመሪያው ምርጫ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። የማያከራክረው ሥልጣን ግን ከአንቀጽ 5 ወደ አንቀጽ 4 ከፍ ብሎ ተቀመጠ እንጂ አልተነካም። ንጉሠ ነገሥቱ ምክር ቤቱን መበተን ይችላሉ፤ ሕግ ያለ እርሳቸው ፈቃድ አይጸናም፤ ምክር ቤቱ በማይቀመጥበት ጊዜም በድንጋጌ ይገዛሉ። የፖለቲካ ፓርቲ የለም። ተወዳዳሪው ደግሞ በሚመረጥበት ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት።

ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በሚባለው አካባቢ ይህ ምን ማለት እንደነበር ማሰብ አይከብድም። ከሚሴ ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት በቃሉ አውራጃ ሥር ነበረች፤ የጅሌና የአርጡማ ሰው ደግሞ ለሸዋው ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ይገብር ነበር። አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ አንድ ገበያ የሚወጣ ሕዝብ በሁለት ጠቅላይ ግዛት ተከፍሎ ድምፅ ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱ የመንግሥት ቋንቋ አማርኛ ነው ብሏል። የእኩል አራሹ ጭሰኛ ዳስ ውስጥ ገብቶ ድምፅ ቢሰጥም የሚመርጠው ባለመሬቱን ወይም የባለመሬቱን ዘመድ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ መንግሥቱ ነዋይና ገርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ በሬዲዮ መግለጫውን እንዲያነቡ ያደረጉት የወሎውን ገዥ አስፋ ወሰንን ነበር። ልዑሉ እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደመወዝ ለማገልገል መስማማታቸውን አነበቡ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። በደመወዝ የሚሠራ ንጉሥ የሚለው ሐሳብ ግን በአደባባይ ተነግሮ አበቃ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፓርላማ አሻንጉሊት ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ አልስማማም፤ ይህ ፓርላማ እንቢ ማለት ይችል ነበር፣ ችግሩ ለማን እንቢ እንዳለ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ደጃፍ የወጡት የጭሰኛው ጉዳይ እዚያ ስለተያዘ ነበር። መንግሥት በባለመሬትና በጭሰኛ መካከል ያለውን ውል የሚያስተካክል ረቂቅ ሲያቀርብ እንደራሴዎቹ ከዓመት ወደ ዓመት አንከባለሉት፤ ሳይጸድቅ ሥርዓቱ ወደቀ። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን አስቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር የሚጥለውን ሕግ ደግሞ ለባለመሬት እንዲመች አድርገው ቀጣጥበው አሳለፉት። ያም ሆኖ ጎጃም ሸፈተ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ምረው ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አዛወሩ።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ያለው ልዩነት ይገለጣል። በእንግሊዝም ፓርላማ የተቀመጠው ባለመሬት ነበር፤ ግን ንጉሡ ያለ እርሱ ግብር ጦር መመገብ አይችልም። የአዲስ አበባው መንግሥት ከእርሻ መሬት የሚያገኘው ጥቂት ነበር። የሚኖረው በጉምሩክ፣ በቡና፣ በውጭ ብድርና እርዳታ ነው፤ ጦሩንም አሜሪካ ታስታጥቀዋለች። ባለመሬቱ እንደራሴ ግብር ሲከለክል የራሱን ኪስ አዳነ እንጂ የንጉሡን እጅ አልጠመዘዘም።

ሒሳቡን የከፈለው ወሎ ነው። ዝናቡ በተጓደለበት በ1965 ዓ.ም. የተራቡ ገበሬዎች ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ እየቆሙ መኪናና አውቶቡስ አስቁመው ምግብ ይለምኑ ነበር። ይህ መንገድ ከሚሴን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ የሚያልፈው ነው፤ ሚኒስትርም ነጋዴም ይሄድበታል። ስለዚህ ረሃቡ ተደብቆ ነበር ሲባል ያስቀኛል። አቤት ለማለት ወደ ዋና ከተማዋ የተጓዙትን ፖሊስ መለሳቸው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶ ግራፍ አሳዩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ግን የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የረሃብ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ፣ በኅዳር 1966 ዓ.ም. ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በኋላ ይህንን ረሃብ ሲመረምሩ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የሚጠበቀውን ያህል አለመናሩን፣ እህልም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ሲወጣ እንደነበር አገኙ። ሰዉ የራበው መግዣ አጥቶ ነው። ነጻ ጋዜጣና የሚጠይቅ ፓርላማ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም የሚለው የሴን የታወቀ ክርክርም የተሟሸው እንደዚህ ባለ ማስረጃ ነው።

የካቲት 1966 ዓ.ም. ሲመጣ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ለቀቀ፤ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። ያን ጊዜ ፓርላማው ድንገት ነፍስ ዘራ። ባለሥልጣናት በረሃቡና በሌላውም በደል የሚመረመሩበት መርማሪ ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ። ሕገ መንግሥቱን እንዲያሻሽል የተሰየመው ጉባኤም በነሐሴ ረቂቁን አወጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ሆኖ ንጉሡ በክብር ብቻ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ነበር። እንግሊዞች ከ1689 በኋላ ብዙ ዘመን የፈጀባቸውን ጉዞ በአንድ ክረምት ለመጨረስ ተሞከረ። ጊዜው ግን የመሐል ሰፋሪ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የዕንቁጣጣሽ ማታ የወታደሮቹ ኮሚቴ፣ ደርግ፣ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተወሰዱ። የዚያ ቀን አዋጅ ዘውዱን ብቻ አልነካም፤ ፓርላማውን በተነ፣ ሕገ መንግሥቱንም አገደ። ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ ወረቀት ወደቁ። ዙፋኑ በስም ለአስፋ ወሰን ተሰጠ፤ ለሕክምና ውጭ የነበሩት የቀድሞው የወሎ ገዥ አልመጡም፤ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ዘውዱም ተሻረ።

ከዚያ እስከ 1979 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ፓርላማ አልነበራትም። በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሲመለስ፣ ደርግ በመስከረም አሥረኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር፣ በሰኞ ገበያዋ በምትታወቀው ባቲ የተራበው ሕዝብ በመጠለያ ሜዳ ላይ ይረግፍ ነበር። ያኔ ረቂቅ የሚያንከባልል እንደራሴ እንኳ አልነበረም።

ዛሬ ባቲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋ በአንድ ዞን ናቸው፤ የብሔረሰቡ ምክር ቤት መቀመጫው ከሚሴ ነው፣ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፣ ዋና አስተዳዳሪውንም የሚሰይመው እርሱ ነው። የመረጣችሁት ሰው ለጉባኤ ሲሄድ ስለ በጀቱ ምን እንደጠየቀና ምን እንደተመለሰለት ሲመጣ ጠይቁት።